ቪትዝ ካዝና አይደለችም

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ስድስት ጊዜ ደረሰኝ። ላኪዎቹ እርስ በርስ አይተዋወቁም። አንዱ የአጎቴ ልጅ ነው። አንዷ የሥራ ባልደረባዬ ናት። አንዱ ደግሞ ሜክሲኮ አካባቢ ጎማ የሚሠራልኝ ልጅ ነው። ሁሉም ከሥሩ «እውነቱን ነው» የምትል ነገር ጣል አድርገዋል። ጽሑፉ አዲስ አበባ ላይ መኪና እንዴት እንደሚገዛ፣ እንደሚያዝና እንደሚሸጥ ይመክራል። የጸሐፊው ብዕር ይጣፍጣል፤ ሁለት ቦታ ላይ ብቻዬን ስቄያለሁ። ምክራቸውን የተከተለ ሰው ግን ጋራዥ ደጃፍ ላይ ማልቀሱ አይቀርም። ዝም ልል ነበር። ጎማ ሠሪው ልጅ «ከእንግዲህ ኩላንት አልገዛም» ሲለኝ ነው ብዕር ያነሳሁት።

ያሉትን ሳላጣምም ላስቀምጥ። አንደኛ፣ መኪና ከባንክ የሚሻል ቁጠባ ነው፤ አሮጌ ቶዮታ የገዛ አይከስርም። ሁለተኛ፣ ያልታመመ አይታከምም፤ ሰርቪስ የጋራዦች ገበያ ነው፤ ዘይት በየ10,000 ኪሎሜትሩ ይበቃል፤ አዲስ አበባ ብርድ ስለሆነ ለራዲያተር በኩላንት ፈንታ የቧንቧ ውሃ በቂ ነው። ሦስተኛ፣ ኦሪጅናል ዕቃ የሚገዛው የዋህ ብቻ ነው። አራተኛ፣ ስትሸጥ ቀለሟን አሳምር፣ አፍህን ዝጋ፣ ስም ሳታዛውር በውክልና ተገላገል። አምስተኛ፣ የኤሌክትሪክ መኪና ትልቅ ሞባይል ነው፤ ባትሪው ሲሞት ትጥለዋለህ።

«ከባንክ ይሻላል» ከሚለው ልጀምር። እኔም የቪትዝ፣ የትንሿ ቶዮታ፣ ባለቤት ነኝ፤ ይህ እውነት ቢሆን ደስታዬ ነበር። የጸሐፊው ማስረጃ አንድ ነው፦ በ2010 ዓ.ም. የተገዛች መኪና ዛሬ ከሦስት እጥፍ በላይ ትሸጣለች ይላሉ። ብዙ መኪና እንዲያ ሆኗል፣ አልከራከርም። ግን መኪናዋ ናት የወጣችው ወይስ ብሩ ነው የወረደው?

ለስሌት ያህል ብቻ እንዲህ እንበል። አንድ ሰው በ2010 በ400,000 ብር ገዛ። ያኔ ዶላር በባንክ 27 ብር ገደማ ነበር። ስለዚህ የከፈለው ወደ 14,800 ዶላር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር ከ57 ብር ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ 100 አለፈ፤ ከዚያም አላረፈም። ሰውየው ዶላር 140 ብር በሆነበት ቀን በ1,400,000 ሸጠ እንበል። ሦስት እጥፍ ተኩል! ሰፈሩ ሁሉ «ቀናው» ይላል። በዶላር የያዘው ግን 10,000 ነው። አንድ ሦስተኛው መንገድ ላይ ቀርቷል። በመሃል ያወጣውን የጎማ፣ የባትሪ፣ የኢንሹራንስና የቦሎ ብር ገና አልቆጠርንም።

«እኛ በዶላር አንበላም» ሊሉኝ ይችላሉ። እሺ፣ በብር እንሂድ። ሸጦ ምን ይገዛል? ያችኑ የመሰለች መኪና ሊገዛ ቢወጣ ያንኑ ብር ይጠይቁታል፤ ደላላውም ኮሚሽኑን አይተውም። ትርፉን ኪሱ የሚከተው ከዚያ በኋላ በእግሩ ሊሄድ ከቆረጠ ብቻ ነው። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይሄ ነው።

ጸሐፊው ያላነሱት ሌላም ነገር አለ። ዋጋውን የሰቀለው የቶዮታ ሞተር ብቻ አይደለም። የካቲት 2012 የጸደቀው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ አሮጌ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ ጣለ። ጥር 2016 ላይ ደግሞ የነዳጅ የቤት መኪና ከውጭ እንዳይገባ መከልከሉ ተነገረ። በር ሲዘጋ ውስጥ ያለው ይወደዳል። ግን በአዋጅና በመመሪያ የወጣ ዋጋ በመመሪያ ሊወርድም ይችላል። የቁጠባ ገንዘቤን እንዲህ ያለ ነገር ላይ አላስቀምጥም።

አንድ ነገር ልመንላቸው። የባንክ ወለድ ከዋጋ ንረቱ በታች በነበረባቸው ዓመታት ብሩን ደብተር ላይ ካስቀመጠው ሰው ይልቅ መኪና የገዛው በልጧል። ትክክል ነው። ይህ ማለት ግን ባንክ የገባው የበለጠ ከሰረ ማለት ነው እንጂ መኪና የገዛው አተረፈ ማለት አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ። «ያልታመመ አይታከምም።»

የራዲያተሩን ነገር ማለፍ አልችልም፣ እኔን ራሴን አቃጥሎኛልና። ጸሐፊው አዲስ አበባ ቀዝቃዛ ከተማ ናት፣ ስለዚህ ሞተር አይግልም ይላሉ። አየሩ ቀዝቃዛ መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ነን። አየሩ ስስ ነው። ስስ አየር ራዲያተሩ ላይ ሲያልፍ ይዞት የሚሄደው ሙቀት ያነሰ ነው። ይህ አንድ። ሁለተኛው ደግሞ ወጥ ቤት የገባ ሁሉ የሚያውቀው ነው። አዳማ ያለችው አክስቴ እኛ ቤት መጥታ ክክ ስትጥድ «የናንተ እሳት ሰነፍ ነው» ትላለች። እሳቱ ምንም አላደረገም። እኛ ጋ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው እንጂ 100 አይደለም። የመኪና ሞተር ደግሞ በደህናው ቀን እንኳ የሚሠራው ከ80 እስከ 95 ዲግሪ ባለው ሙቀት ነው። ታዲያ ውሃው የማይፈላው ለምንድን ነው? የራዲያተሩ ክዳን ግፊት ስለሚይዝ ነው። ግፊቱ የመፍያውን ነጥብ ከፍ ያደርገዋል። የዚያች ክዳን ጎማ ያረጀ ቀን፣ ወይም ስፕሪንጓ የደከመ ቀን፣ በሞተርህና በእንፋሎቱ መካከል ያለችው ልዩነት ጥቂት ዲግሪ ናት።

ይህን ከመጽሐፍ አይደለም የተማርኩት። ከቪትዟ በፊት ዲኤክስ ኮሮላ ነበረችኝ። እኔም ያን ጊዜ «ውሃ ውሃ ነው» ባይ ነበርኩ። አንድ ቀን ከለገሀር ተነስቼ ቸርችልን ስወጣ ቴዎድሮስ አደባባይ ሳልደርስ ከኮፈኑ ሥር ጭስ መጣ። ጭስ መሰለኝ እንጂ እንፋሎት ነበር። ከኋላዬ ታክሲዎች ክላክስ ያቀልጡታል። ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው መካኒኬ ያኔ ካዛንቺስ ነበሩ፤ ሰፈሩ ሳይፈርስ በፊት ማለት ነው። ራዲያተሩን ሲከፍቱት የወጣው ውሃ ቀለሙ ሻይ ነው። ዝገት። የሞተሩ ራስ የሆነው ቴስታ ተጣሟል፣ ከሥሩ ያለው ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑ፣ ተቃጥሏል። ቴስታው ተርኒ ቤት ተወስዶ ተላገ። ሦስት ሳምንት በታክሲ ተጋፋሁ። ጋሼ ምንም አልተቆጡኝም። ክዳኗን በጣታቸው ጫን ጫን እያደረጉ «ይቺን ብትቀይር ኖሮ» አሉ፣ በቃ።

ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ይሆናል ድስት ጥዶ ማልቀስ።

ኩላንት መፍያውን ትንሽ ከፍ ያደርጋል፤ ትልቁ ሥራው ግን ዝገት መከላከል ነው። የውሃ ፓምፑን፣ ቴስታውን፣ የራዲያተሩን ቀጫጭን ቱቦዎች ከመበላት ያድናል። ለጎማ ሠሪው ልጅም ያልኩት ይሄንኑ ነው። አልተሳካልኝም። «ያ ሰውዬ ግን በደንብ ነው የጻፈው» አለኝ።

ወደ ዘይቱ። 10,000 ኪሎሜትር የሚለው ቁጥር ከሰማይ አልወረደም፤ ብዙ የመኪና መመሪያ መጻሕፍት ላይ አለ። ጸሐፊው ገጹን እስከ ታች አላነበቡትም እንጂ። እዚያው ሥር አቧራ፣ አጭር ጉዞ፣ ቆም ሄድ የሚል ትራፊክ ካለ ጊዜውን ወደ ግማሽ አውርዱት የሚል ማስጠንቀቂያ ይኖራል። አቧራ፣ አጭር ጉዞና ቆም ሄድ ማለት ደግሞ የኛው ከተማ ናት። ማታ 11 ሰዓት ተኩል ከሜክሲኮ ወደ ፒያሳ ሂዱና ቁጠሩ። ኪሎሜትሩ ሦስት ወይም አራት ይላል። ሞተሩ ግን አንዳንድ ቀን አንድ ሰዓት ሙሉ ሲሽከረከር ነው የቆየው። ዘይት የሚያረጀው ሞተሩ በሠራበት ሰዓትም ጭምር ነው፤ ዳሽቦርዱ ደግሞ የሚያሳየን ኪሎሜትሩን ብቻ ነው። ስለዚህ እኔ በ5,000 እቀይራለሁ፤ ፊልትሮውንም አብሬ።

እዚህ ላይ ጸሐፊው በአንድ ነገር ትክክል ናቸው። ያልተጠየቀ ሥራ የሚሸጥ ጋራዥ ሞልቷል። ዘይት ልቀይር ገብቼ «ኢንጀክተር ትታጠብ፣ ይቺን ፈሳሽ ነዳጅ ውስጥ ጨምር፣ ካንዴላውም አልቋል» ተብያለሁ። ካንዴላው ሦስት ወሩ ነበር። እንዴት አወቅኩ? ደብተሬ ላይ ስለጻፍኩት። ሃያ ብር የማትሞላ ደብተር ነበረች ስገዛት፤ ዳሽቦርድ ኪስ ውስጥ ትቀመጣለች። ቀን፣ ኪሎሜትር፣ ምን ተቀየረ፣ ስንት ተከፈለ። ከአጭበርባሪ መካኒክ የሚያድነው የሠራኸውን መመዝገብ ነው እንጂ ጭራሽ አለማሠራት አይደለም። አንድ ሐኪም ስላታለለን ሆስፒታል አንተውም።

ስለ ዕቃ ብዙ አልልም። ለበር እጀታ፣ ለአምፖል፣ ለስፖኪዮ ተመሳስሎ የተሠራው ይበቃል፤ እስማማለሁ። ስፖኪዮማ ማታ ተሰርቆ ጠዋት ሶማሌ ተራ ሄደህ የራስህኑ ትገዛለህ የሚለው ቀልድ እንኳ አርጅቷል። የፍሬን ሸራ ላይ ግን ቀልድ የለም። ከእንጦጦ እየወረደ ፍሬኑ የሸተተው ሰው ያውቀዋል። ፍሬን፣ መሪና ዘይት ፊልትሮ ላይ የሚቆጠብ ብር አይታየኝም። «ሁሉም ከአንድ ፋብሪካ ነው የሚወጣው» የሚለው አባባላቸው ደግሞ ሻጮች ናቸው ያስተማሩን።

አራተኛው ምክራቸው ነው ያሳዘነኝ። «ቀለሟን አሳምር፣ አፍህን ዝጋ።»

የገዛም የሸጠም ሰው የማስታወቂያውን ቋንቋ በቃሉ ያውቀዋል። «ጽድት ያለች፣ ምንም የማትፈልግ፣ ሴት የያዘቻት፣ ገዝተው የሚነዷት።» ሴትየዋ ማን እንደሆነች እስካሁን ያገኘ የለም፤ የከተማውን መኪና ሁሉ እሷ ናት የያዘችው። ቋንቋው ስላለቀ ገዢው ቃል አያምንም። መካኒክ ይዞ ይመጣል። በሩን በጣቱ ያንኳኳል፤ ድምፁ ከደፈነ ከቀለሙ ሥር ስቱኮ አለ። ሞተሩ ታጥቦ ካብለጨለጨ «ምን ሊደብቅ ነው?» ይላል። ኪሎሜትር ወደ ኋላ እንደሚመለስም ሁሉም ሰምቷል። 80,000 የሚል መኪና የፔዳሉ ጎማ እስኪላጥ ካለቀ ማን ያምናል? ጸሐፊው የሚመክሩት ዘዴ የሠራው ገዢው የዋህ በነበረበት ዘመን ነው።

ዲኤክሷን ስሸጥ ያደረግኩትን ልንገራችሁ። ገዢው አባትና ልጅ ሆነው መጡ። ደብተሩን ሰጠኋቸው። አባትየው መነጽራቸውን አድርገው እንደ ዳዊት ገጽ በገጽ አነበቡት። ጓርኒሲዮኑ የተቀየረበት ገጽ ላይ ሲደርሱ ቀና ብለው አዩኝ። የሆነውን ነገርኳቸው። ዋጋ ቀነሱብኝ? አዎ ቀነሱብኝ፤ አልዋሽም። ትንሽ አሞኛል። ግን በዚያው ቀን ተዋዋልን። በዚያው ወር ጎረቤቴ መኪናውን አስቀብቶ አቁሞ ነበር፤ ክረምቱ አልፎ መስቀል ሲደርስም እዚያው ቆማለች። አባትየው እስከ ዛሬ በዓል በመጣ ቁጥር ይደውሉልኛል። ቪትዟን ስገዛም አብረውኝ ሄደው በሩን ያንኳኩልኝ እሳቸው ናቸው።

ይህ የእኔ ገጠመኝ ነው፤ «አንተ ዕድለኛ ነህ» ልባል እችላለሁ። ስለዚህ ሕጉን እንይ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2287 ሻጭ የሸጠው ዕቃ ጉድለት እንደሌለበት ለገዢው ዋስ ነው ይላል። ውሉ ላይ «ባለበት ሁኔታ ገዝቻለሁ» አስብሎ ማስፈረም ይቻላል። ጉድለቱን ሆን ብሎ የደበቀ ሻጭ ግን ከዚያች መስመር ጀርባ ሊደበቅ አይችልም። «አፍህን ዝጋ» የሚለው ምክር እንግዲህ ሰውን ፍርድ ቤት የሚያቆም ምክር ነው።

ውክልናው ደግሞ የባሰ ነው። ስም ማዛወር ያሰለቻል፣ ወረፋውም ወጪውም ያማርራል፤ እዚህ ላይ ከጸሐፊው ጋር አብሬ አማርራለሁ። ነገር ግን በውክልና ስትሸጥ ሊብሬው ላይ ያለው ስም ያንተው ነው። በዚያው ሕግ አንቀጽ 2081 መኪና ላደረሰው ጉዳት ባለቤቱ ኃላፊ ነው፤ ሌላ ሰው ቢነዳትም። አንተ ብሩን በልተህ ጨርሰህ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ የማታውቀው ሹፌር ሰው ገጭቶ መጥሪያው ቤትህ ይመጣል። «ሸጫታለሁ» ብትል መዝገቡ አንተን ነው የሚያውቀው። ገዢውም ከዚህ አይሻልም። በመርህ ደረጃ ውክልና ሰጪው ሲሞት ውክልናውም ይሞታል። ሟች ልጆች አሉት፤ ልጆቹ መኪናዋን በሊብሬ ያውቋታል፤ አንተን ግን አያውቁህም። ወረፋው አንድ ቀን ነው፣ ሁለት ቀን ነው። ተሰለፉ።

የኤሌክትሪኩ ነገር ቀረ። እኔ የለኝም። እህቴ ግን አነስተኛ የቻይና መኪና ገዝታለች፤ ስለዚህ ቅርብ ሆኜ አያለሁ። «ትልቅ ሞባይል» የሚለው ያስቃል እንጂ አያስኬድም። ስልካችንን እስክትሞት ተጠቅመን ሌሊቱን ሙሉ ትራስ ሥር እንሰካታለን። የመኪናው ባትሪ ሙቀቱን የሚጠብቅለት፣ እያንዳንዱን ሴል የሚቆጣጠርለት ሥርዓት አለው። ሲያረጅም እንደ አምፖል ድንገት ድርግም አይልም፤ የሚሄድበት ርቀት ቀስ በቀስ ያጥራል። 300 ኪሎሜትር ትሄድ የነበረች መኪና 240 ብትሄድ ከሣር ቤት ፒያሳ ለሚመላለስ ሰው ምን ጎደለበት?

ወጪውንም ጸሐፊው ዘለውታል። በ2017 አንድ ሊትር ቤንዚን 100 ብር አለፈ። የኔ ቪትዝ በከተማ ትራፊክ 100 ኪሎሜትር ለመሄድ 7 ሊትር ትጠጣለች። ከ700 ብር በላይ ነው፤ ማደያው ላይ የምቆመውን ሰዓት ሳንጨምር። የእህቴ መኪና ለዚያው መንገድ 15 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ትወስዳለች፤ ታሪፉ ቢጨምርም ከቤንዚኑ ጋር አይወዳደርም። ዳገት ላይ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው። የነዳጅ ሞተር አየር ይፈልጋል፤ እኛ ጋ ያለው አየር ከባሕር ጠለሉ ሩብ ያህል ይጎድላል፤ ኃይሉም በዚያው ይቀንሳል። በቪትዝ አራት ሆነን ወደ እንጦጦ ስንወጣ «ኤሲ አጥፉ» እላለሁ። የእህቴ መኪና አየር አያስፈልጋትም። ስትወርድ እንዲያውም ባትሪዋን ትሞላለች፣ የፍሬን ሸራዋም አይሸትም።

እንከኖቹንም አልደብቅም። የመኪናዋ ስክሪን በቻይንኛ ነው። እህቴ ለሁለት ወር ያህል የኋላ መስታወት ማሞቂያውን ሬዲዮ መስሏት ስትነካካ ከርማለች። የፋብሪካው ዋስትና አምራቹ አገር ላይ የሚሠራ እንጂ መኪናዋን በግሉ አስመጥቶ ከሸጠላት ነጋዴ ጋር ተሳፍሮ የመጣ አይደለም። የቻይናው መሰኪያና የአውሮፓው ስለማይገጥሙ ሁሉም ቻርጅ ማድረጊያ አያስተናግዳትም። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ጠፋ ነው። ቢጋጭ የሚጠግን እጅም ገና ጥቂት ነው።

መልሶ መሸጥ ላይማ ጸሐፊው ረትተውኛል። በየጊዜው አዲስ ሞዴል ስለሚገባ ያምናው ቶሎ ይረክሳል። ባለፈው ሳምንት እህቴ ለወጉ ያህል አንድ ደላላ ጠየቀች። ከገዛችበት በጣም ዝቅ ያለ ዋጋ ጠራላት። እኔ ደነገጥኩ። እሷ ግን «ልሸጣት ነው እንዴ የገዛኋት?» ብላ ቁልፏን ይዛ ወጣች።

የኔዋ አሁን 187,400 ላይ ናት። ዘይቷ 188,000 ላይ ይደርሳል። ጎማ ሠሪውን ልጅ ጋሼ ጋ ይዤው ልሄድ ነው፤ የሻይ ቀለም ያለው ውሃ አንድ ጠርሙስ ለማሳያ አስቀምጠዋል አሉ።